ቄስ አምባውና ተቀባይ ያጣው ጽዋ

ቄስ አምባው ቦንጋ ውስጥ ያልገቡበት ቤት ጥቂት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየደጁ ተመላልሰዋል፤ ክርስትና አንስተዋል፣ ሙሽራ ባርከዋል፣ ለሙት ፍትሐት አድርሰዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን አንድ ነገር ልብ ብለዋል፤ እሳቸው ከበር ሲደርሱ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ድንገት ጸጥ ይላል። ቀጥሎ ኮቴ ይሰማል፤ ቀጥሎ የጓሮ በር ሲጥ ይላል። ከዚያ የቤቷ እመቤት ነጠላዋን እያስተካከለች ብቅ ትልና፣ «ውይ አባ፣ አሁን ገና ወጣ እኮ! ትንሽ ቀደም ቢሉ ኖሮ…» ትላለች። እሳቸውም ደጃፉ ላይ የቀረውን የሰውዬውን ጫማ እያዩ መስቀላቸውን ያሳልሟትና፣ «እግዚአብሔር ይባርካችሁ» ብለው ይሄዳሉ።

ትውልዳቸው ከቢታ ገነት ወጣ ብላ ባለች የቡና መንደር ነው። ከእናታቸው ጋር በካፊኖኖ እያወሩ፣ በግእዝ እየቀደሱ፣ በአማርኛ እየሰበኩ ነው የኖሩት። ቦንጋ የገቡት ገና ዲያቆን ሳሉ፣ አንድ ጋቢና አንድ ዳዊት ይዘው ነበር። በመጡ በወራቸው ብርቱ ትኩሳት ጣላቸው። በከተማው ዘመድ የሚሉት ሰው አልነበራቸውም። ከአልጋ ያነሷቸው የሰንበቴ ሴቶች ናቸው፤ ተራ ገብተው አጥሚት አጠጧቸው፣ ልብሳቸውን አጠቡላቸው፣ ኋላም ከመካከላቸው አንዷ ልጇን አፀደን ዳረችላቸው። ስለዚህ ቄስ አምባው ስለ ሰንበቴ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል።

ሰንበቴ ማለት በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚቀርብ የማኅበር ማዕድ ነው። አባላቱ በየተራቸው ዳቦና ጠላ፣ አንዳንዴም ቆጮ ይዘው ይመጣሉ። ከደጀ ሰላም ያለ ነዳይ፣ ከሩቅ ወረዳ በሽተኛ ይዞ ሆስፒታል የመጣ አስታማሚ፣ ኪሱ የደረቀ ተማሪ ሁሉ ይበላል። ማዕዱ ሲያበቃ የዕለቱ ተረኛ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል፤ የተቀበለው ሰው ቤቱ ወስዶ አክብሮ ያቆየውና በሳምንቱ ከነማዕዱ ይዞት ይመጣል።

ድሮ አባላቱ አርባ ነበሩ። አሁን ሰባት ቀርተዋል፤ ሰባቱም ጉልበታቸው የደከመ ነው። ልጆቻቸው ግማሹ አዲስ አበባ ገብቷል፣ ግማሹ ቦንጋ ሆኖ እሑድን ይተኛል። ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡት መምህራንና የቢሮ ሠራተኞችማ ሰንበቴ ቤቱን መጋዘን ይመስላቸዋል። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ ጋሽ ዋለ ናቸው። በግንቦት ወር አባላቱን ሰብስበው ቁርጡን ተናገሩ፤ «ተቀባይ የጠፋ ዕለት ጽዋው ዕቃ ቤት ይገባል። ሰንበቴያችንም እዚያው ላይ ያበቃል።»

ቄስ አምባው የዚያን ሰሞን እግራቸው እስኪቀጥን ዞሩ። በየቤቱ፣ በየቢሮው፣ በየግቢው። አንድም አዲስ ተረኛ አላገኙም።

አንድ ቀን ከሰዓት ደክሟቸው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ሾፌሩ ፍቃዱ ራሱ የንስሐ ልጃቸው ነው፤ ግን ሦስት ዓመት ሆኖታል ደጃቸውን ካልረገጠ። ወዴት ይሽሽ? መሪውን ይዟል!

«አንተ ፍቃዱ! የት ጠፋህ? ጾሙንስ ጾምክ?» አሉት ገና ሳይቀመጡ።

ፍቃዱ በመስታወቱ አያቸውና፣ «አባ፣ ካልተቀየሙኝ አንድ ነገር ልንገርዎት?» አለ።

«ተናገር እንጂ፤ ምን ያስቀይመኛል።»

«የእርስዎ ነገር ልክ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ነው።»

«እንዴት ነው እሱ ደግሞ?»

«ያስቆሙንና ደህና ዋላችሁ እንኳ ሳይሉ ጥፋታችንን ይጠይቃሉ። የት ጠፋህ? ለምን ቀረህ? መቼ ነው የምትቆርበው? ሰዉ ጥምጣምዎን ከሩቅ ሲያይ እኮ መንጃ ፈቃዱን ኪሱ ውስጥ መዳበስ ይጀምራል!»

ቄስ አምባው ደማቸው ፈላ። ቤታቸው ሲደርሱ ለባለቤታቸው ለእትዬ አፀደ፣ «ይኸውልሽ፣ የዛሬ ልጅ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ነዎት ይለኛል…» ብለው ማማረር ጀመሩ።

«እውነቱን ነው» አሉ እትዬ አፀደ፣ ጎመኑን እየቀነጠሱ። «እኔን ልታገባ መጥተህ መጀመሪያ የጠየቅከኝ ምን ነበር? ዓርብን ጾመሻል ወይ አይደል?»

ከዚያ በኋላ ቄስ አምባው መንገዳቸውን ቀየሩ። ማክሰኞና ሐሙስ ባጃጆቹ ከሚሰለፉበት አስፋልት ዳር፣ ከሻይ ቤቷ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ጀመር። ምንም አይጠይቁም። ሻያቸውን ይጠጣሉ፣ ወሬ ይሰማሉ። መጀመሪያ ሾፌሮቹ ሲያዩዋቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ረሷቸው። ስለ ቤንዚን ሰልፍ፣ ስለ ኳስ፣ ልብ ስላደረቀች ልጅ፣ አልቆ ስለማያልቅ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ያወራሉ። ቄስ አምባው በዚያ አግዳሚ ላይ የሰሙትን ያህል የሰው ጭንቀት በንስሐ እንኳ ሰምተው አያውቁም ነበር።

«አባ፣ ዛሬም አልጠየቁንም?» አላቸው አንድ ቀን ሰሚር፣ ነገረኛው የባጃጅ ሾፌር።

«አንተን ምን ብዬ ልጠይቅህ? አንተን ሼኩ ይጠይቁህ።»

«እሳቸውንም እኮ እየሸሸኋቸው ነው!»

አግዳሚው እስኪነቃነቅ ተሳቀ። ጴንጤው ሰለሞን ደግሞ ከጎን፣ «የኛም ፓስተር እዚህ ቢመጡ ቦታ አለ ወይ?» ብሎ ጨመረበት።

ሐምሌ ገባ። የመጀመሪያው እሑድ ተረኛ እትዬ አፀደ ነበሩ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ የቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ቄስ አምባው ለቅዳሴ ቀድመው ሄደዋል። እትዬ አፀደ አምስት ድፎ ዳቦና አንድ ጀሪካን ጠላ ይዘው፣ ጽዋውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በፍቃዱ ባጃጅ ተሳፈሩ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ባጃጇ እስከ ወገቧ ሰጠመች። ፍቃዱ ስልክ ደወለ። ሰሚርና ሰለሞን መጡ፤ ገፉ፣ ጎተቱ፣ ተንሸራተው ወደቁ፤ በመጨረሻ ዳቦውን በትከሻቸው ተሸክመው ጭቃቸውን እያንጠባጠቡ ሰንበቴ ቤት ገቡ። ሦስቱም በሩ ጥግ ቆመው እንዲጠለሉ ተደረገ፤ ዳቦም ተቆረሰላቸው።

ማዕዱ አበቃ። ጋሽ ዋለ ተነሡ። የቀጣዩ እሑድ ተረኛ እትዬ ዓባይነሽ ነበሩ፤ ግን ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ደካ ሄደዋል። «በእሳቸው ፈንታ የሚቀበል አለ?» ብለው ጠየቁ ጋሽ ዋለ። ማንም አልተነሣም። ሁሉም በቅርቡ ማዕድ አውጥቷል፣ ሁሉም ደክሟል። እትዬ አፀደ ጽዋውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ መሀል ላይ ቆመው ቀሩ። ጽዋው ስለከበዳቸው ወደ ደረታቸው አስጠግተው ደገፉት። ቄስ አምባው ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰበሩ፤ እነዚያ አጥሚት ያጠጧቸው ሴቶች አንድ በአንድ ትዝ አሏቸው።

በዚህ ጊዜ ፍቃዱ ከበሩ ጥግ ተንደርድሮ መጣና፣ «እትዬ፣ ደከመዎት፤ ይስጡኝ እኔ ልያዝልዎት» ብሎ ጽዋውን ከእጃቸው ተቀበለ።

እልልታው ጣሪያውን ሊነቅለው ምንም አልቀረው። ፍቃዱ ደነገጠ። «ኧረ ምን አጠፋሁ?» እያለ ዞር ዞር ብሎ ያያል።

ጋሽ ዋለ ፊታቸው በርቷል። ቄስ አምባውን በዓይናቸው፣ «ዝም ይበሉ» አሏቸው። ዝም ቢሉ በእርግጥ ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ሰንበቴው ተረፈ። ግን ቄስ አምባው ልጁን አዩት፤ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ምን እንደያዘ ሳያውቅ። እንደ ትራፊክ ፖሊስ አድፍጠው ሊይዙት ሕሊናቸው እምቢ አላቸው።

«ፍቃዱ ልጄ» አሉት። «ይህን የተቀበለ ሰው ለሚመጣው እሑድ ተረኛ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ሰው ማዕድ ያወጣል። አንተ ሳታውቅ ነው የተቀበልከው። መልስላቸው፤ ማንም አይቀየምህም።»

«አባ! ምን ነካዎት?» አሉ ጋሽ ዋለ፣ ዘውዱ እንደወደቀበት ሰው።

ፍቃዱ ጽዋውን አልመለሰም፤ አልሄደምም። ከጌሻ የመጣች አንዲት አስታማሚ የዳቦዋን ግማሽ ለበሽተኛዋ በነጠላዋ ጫፍ ስትቋጥር እያያት ነበር።

«ይኼ ከቀረ እነዚህ ሰዎች እሑድ የት ይበላሉ?» አለ።

ጽዋውን አጥብቆ ያዘና ወደ ጋሽ ዋለ ዞረ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው መምጣት ያለብን?»

«ብቻህን አትችለውም» አለ ሰሚር ከበሩ። «እኔ ጽዋ አልነካም፤ ማመላለሱ ላይ ግን አለሁ።»

«እኔም አለሁ፤ ፓስተሩ ካልሰሙ» አለ ሰለሞን።

ያን ሳምንት ቄስ አምባው ሻይ ቤቱ አልሄዱም፤ ሊቆጣጠሩ የመጡ እንዳይመስል ፈሩ። እሑድ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሰንበቴ ቤት ሲገባ የባጃጅ ድምፅ አልተሰማም። ጋሽ ዋለ ሰዓታቸውን አሥር ጊዜ አዩ። ከዚያ ከዳገቱ ሥር ጥሩምባ ተሰማ፤ አንድ ሳይሆን ስድስት ባጃጅ፣ ተከታትለው! የዳቦ ቤት ዳቦ በካርቶን፣ ለስላሳ በሳጥን፣ ሙዝ በዘንቢል ጭነዋል። ፍቃዱ ጽዋውን ሸሚዙ ውስጥ ሸሽጎ፣ ከዝናብ ከልሎ ነበር ያመጣው።

«የዳቦ ቤት ዳቦ ለሰንበቴ?» አሉ አንዲት አሮጊት አፋቸውን ይዘው።

«ባረኩት፤ ሆነ» አሉ ቄስ አምባው።

አሮጊቶቹ ለስላሳውን አንዴ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ሁለተኛውን ግን ራሳቸው ጠየቁ። እትዬ ዓባይነሽ ከደካ ተመልሰው ስለነበር ጽዋውን ከፍቃዱ እጅ ተቀበሉ። ጋሽ ዋለም ፍቃዱንና ተረዳድተው ያወጡትን ጓደኞቹን እንደ አንድ አባል ቆጥረው መዘገቡ፤ ስምንተኛ።

ከዚያ ቄስ አምባው ፍቃዱ ወደ ቤታቸው ሊያደርሳቸው ባጃጇ ውስጥ ገቡ። መንገድ ላይ ሞተሩን አጠፋና ዳር ይዞ ቆመ። ዞሮ ግን አላያቸውም።

«አባ፣ እናቴ የሞተች ጊዜ… አርባዋ ላይ ያልተገኘሁት ለምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አላውቅም ልጄ።»

«ልንገርዎት?»

«ጊዜ አለኝ» አሉ ቄስ አምባው፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ወንበሩ ጫፍ ተጠጉለት። ዝናቡ የባጃጇን ሸራ ይደበድባል። ፍቃዱ ይናገራል፤ እሳቸው በልባቸው ተመስገን እያሉ ይሰማሉ። እትዬ አፀደ ምሳ አቅርበው እስኪሰለቹ ጠበቋቸው።