በእጄ የሞላሁት ሌጀንድ

ተማሪዎቼ የግራፋቸውን ሌጀንድ፣ የትኛው ቀለም የማን እንደሆነ የሚነግረውን ማብራሪያ፣ ሦስት ጊዜ ስለማስፈትሻቸው በሹክሹክታ ይስቁብኛል። ባለፈው ሳምንት አንዷ ደፍራ፣ "መምህር፣ ምን ደርሶብዎ ነው?" አለችኝ። መልሱ ይኸው።

ነገሩ የጀመረው በኅዳር፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርሁ። ባሕር ዳር አጠገብ ባሉ ሁለት የዓሣ ማውረጃዎች፣ በላይኛውና በታችኛው ወደብ፣ የሚያዘውን የቀረሶ ዓሣ ርዝመት ዓመት ሙሉ ስለካ ከርሜ፣ ውጤቱን በአንድ ግራፍ አሳትሜ ለአጥማጆቹ ላሳይ ሄድሁ። ቀዩ መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሰማያዊው ከወር ወር ይወርዳል። ወረደ ማለት ያላደገ ዓሣ በጠባብ ዓይን መረብ እየተጠረገ ነው ማለት ነው። ያ መረብ ክልክል ነው፤ የተገኘበት ሰው ከሐይቁ ይታገዳል።

ግራፉን የሠራልኝ የኮምፒውተር ኮድ በራሱ ያወጣው ሌጀንድ "ወ1"፣ "ወ2" ይል ነበር። ማን ይረዳዋል? አጥፍቼው የራሴን ሠራሁ። ማንበብ ለማይችሉት ብዬ ከሰማያዊው ቀለም አጠገብ የደንገል ታንኳ፣ ከቀዩ አጠገብ የሞተር ጀልባ ሣልሁ። የላይኛው ወደብ ሰዎች በታንኳ፣ የታችኛው በሞተር ነው የሚያጠምዱት። በሥዕሎቹ ኮርቼ ነበር።

ፖስተሩን የሁለቱም ወደብ አጥማጆች በሚሰበሰቡበት ዋርካ ላይ ስሰቅል ነፋሱ የዓሣና የእርጥብ ደንገል ሽታ ያመጣ ነበር። እስክናገር ማንም አልጠበቀም። ሥዕሉን አዩ።

"ይኸውላችሁ!" አለ አስማማው፣ የታችኛው ወደብ ጀልባ ነጂ። "እኛን ሌባ ሲል የከረመው አያ ደሴ፣ እንጭጩን ዓሣ የሚጠርግ እሱ ሆኖ ተገኘ! እስቲ ደንገል ላይ ቁጢጥ ብሎ ሌላ ምን ይይዛል?"

አያ ደሴ ስድሳ ያለፋቸው የታንኳ አጥማጅ ናቸው። ተነሡ። "መቅዘፊያ ያስያዝሁህ እኔ፣ አንተ ጡት ነካሽ! መጥተህ መረቤን ለካው!"

አስማማው አጠገቡ የነበረ መቅዘፊያ አንሥቶ ሲያወርድባቸው አየሁ። አገጫቸው እንደሚሰነጠቅ እንጨት ጮኸ። ጥርስና ደም ተፉ። ወድቀውም አልተዋቸውም፤ ጎድናቸውን በእግሩ ደጋግሞ መታው። የላይኛው ወደብ ሰዎች በዱላ ገቡበት። የአንዱ ክንድ ሲሰበር እኔ ዋርካው ላይ ተለጥፌ ቀርቻለሁ። ሁለት የታችኛው ወደብ ሰዎች "ከእንግዲህ ሐይቁን አያየውም!" እያሉ የአያ ደሴን ታንኳ በገጀራ ከታትፈው ውሃው ላይ በተኑት።

ከሰዓት በኋላ መዝገቤን ከግራፉ ጋር አስተያየሁ። መጨረሻ ላይ የአንድ ወር ልኬት ስጨምር የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ተገልብጦ ቀለማቸው ተለዋውጧል። በእጄ የሞላኋቸው ሥዕሎች ግን ባሉበት ቀርተዋል። የሚወርደው መስመር የታችኛው ወደብ ነበር።

አማካሪዬ፣ "የታረመ ፖስተር እንልካለን፤ አንቺ እንዳትሄጂ፣ ሰው ደም አይቷል" አሉኝ። የአጥማጆቹ ማኅበር ግን አያ ደሴን ሊያግድ የሚሰበሰበው በነጋታው ነበር።

ማለዳ ብቻዬን ወደ ስብሰባው ሄድሁ። አያ ደሴ አገጫቸው በሻሽ ታስሮ፣ መናገር ተስኗቸው ተቀምጠዋል። መሐል ገባሁና፣ "በሥዕሉ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። የሚወርደው መስመር የታችኛው ወደብ ነው" አልሁ። ድምፄ ከጉሮሮዬ እምብዛም አልወጣም። የሰማኝ አጠገቤ የቆመው አስማማው ብቻ ነበር። ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጨምድዶ አጠበቀው።

"ምን አልሽ?"

"ልቀቃት!" አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። "አልሰማንም፣ ልጄ።"

ትንፋሽ እያጠረኝ፣ ጮኼ ደገምሁት።