ስድስት አምፕሊፋየር፣ አራት ሴት፣ አንድ ክፍል

ባለፈው ሳምንት በምሠራበት የሴቶች ፀጉር ቤት ከዕቃ ክፍል ያወጣነው አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሲሞቅ አንድ ሽታ ሸተተኝ። የተቃጠለ ነገር ሽታ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰው ያልነካው አቧራ ቀስ ብሎ ሲሞቅ የሚሰጠው ሽታ ነው። ደንበኛዬ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ደግሞ ማበጠሪያውን እንደያዝኩ ፈገግ ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ከሃያ አራት ዓመቴ ጀምሮ ዓረብ አገር፣ ሳባህ አል-ሳሌም ውስጥ የኖርኩባት ክፍል እንዲህ ነበር የምትሸተው።

ክፍሏ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበረች። መስኮቷ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ግድግዳውን ሁሉ ብርቱካን ያስመስለው ነበር። አራት ሆነን ነበር የምንኖረው። እኔ ከማዳም ቤት ኮንትራቴን ጨርሼ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ ወደ ፀጉር ቤት ካዛወርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። አንዷ ካፌ ውስጥ ትሠራለች። ሌላዋ ከእኔው ጋር ፀጉር ቤት ጥፍር የምትሠራ፣ ያለ ምክንያት የምትስቅ ልጅ ነበረች። አራተኛዋ ታላቃችን ነበረች፤ አርባን የተሻገረች፣ በሰዓት እየተቀጠረች የሰው ቤት የምታጸዳ፣ አንድ ልጇን አገር ቤት እናቷ ጋር ትታ የመጣች ሴት።

ነገሩ የጀመረው በጊታር ነው። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ከእኛዋ ልጅ በፊት ጥፍር ትሠራ የነበረች ፊሊፒናዊት ወደ አገሯ ስትመለስ ኤሌክትሪክ ጊታሯን ሰጥታኝ ሄደች። ኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ ካልተሰካ ድምፁ የትንኝ ያህል ነው። መጀመሪያ የጊታሩን አናት ቁም ሳጥን ላይ አስደግፌ እጫወት ነበር፤ እንጨቱ አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ ትንሽ ከፍ ይላል። የካፌዋ ልጅ ልብሷን ልታወጣ በመጣች ቁጥር ኮንሰርቱ ይቋረጣል።

አንድ ጁማ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ ራይ የሚባል ሰፈር ካለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሄጄ የመጀመሪያውን አምፕሊፋየር ገዛሁ። ከማቀዝቀዣና ከሕፃን አልጋ መካከል ተወሽቆ ነበር። ታቅፌው መጣሁና አራታችንም አልጋ ላይ ተደርድረን ተቀምጠን ሰካሁት። አንድ ጊዜ "ጧ" አለና ነጭ ጭስ ለቀቀ። ጥፍር የምትሠራዋ ልጅ ከሳቋ የተነሳ ከአልጋ ወደቀች። ታላቃችን ግን ተነስታ መስኮቱን ከፈተች፤ ከዚያ ሳጥኑን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ ጣቷን አሳየችኝ። "አቧራውን አይተሽዋል?" አለችኝ።

በማግስቱ አርዲያ ውስጥ ራዲዮና ቴፕ ወደሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ሕንዳዊ ወሰድኩት። አባባ ነበር የምላቸው። ሱቃቸው የብየዳና የሻይ ቅመም ሽታ አለው። ሳጥኑን ገለበጡና ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አሳዩኝ። ዕቃው ለአሜሪካ ኤሌክትሪክ የተሠራ ነው፤ የእኛ ግድግዳ የሚሰጠው ኃይል እጥፍ ነው። በተሰባበረ አረብኛ "ሕፃን ልጅን በእንስራ ውኃ አጠጣሽው" አሉኝ። ጠገኑልኝና ኃይል የሚቀንስ ትራንስፎርመር አብረው ሰጡኝ። የዚያን ቀን ከሰዓት የራሴን ጣቶች ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቁ ሰማሁ። ሦስት ኖታ ብቻ ነበር የማውቀው። ሦስቱን ኖታ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጫወትኳቸው።

በአንዱ መብቃቃት ይቻል ነበር። ግን ሁለተኛውን ስሰማ ያው ጊታር፣ ያው ጣት ሆኖ ሌላ ሰው መሰለኝ። የመጀመሪያው ለስላሳ ነበር፤ ሁለተኛው ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይጎረንናል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሱስ ሆነ። ሌሎቹ ወርቅ ሲገዙ እኔ ራይ ነኝ። ሦስተኛው መያዣው የተበጠሰ ነበር። አራተኛው ትልቁ ነው፤ ውስጡ አምፖል የመሰሉ ቲዩቦች አሉት፣ ሲሞቁ ቀይ ፍም ይመስላሉ። የሕንፃው ሊፍት ተበላሽቶ ስለነበር አራት ሆነን ተሸክመን ሦስት ፎቅ ስናወጣው ዘበኛው፣ ሃሪሱ፣ በየፎቁ እየተከተለ "ሬሳ ነው?" እያለ ይጠይቀን ነበር። አምስተኛውን አባባ ክፍያ ረስቶ የጠፋ ሰው ትቶት ነው ብለው ሰጡኝ። ስድስተኛዋ ትንሽ፣ አስቀያሚ፣ ድምፅዋ ሹል የሆነች ሳጥን ነበረች። እሷን የገዛሁት አዝኜላት ነው፤ ብዙም አልወዳትም ነበር።

ስድስት አምፕሊፋየር በአንድ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። በአንዱ ላይ ቴሌቪዥን ተቀመጠ። በአንዱ ላይ የካፌዋ ልጅ መስተዋቷንና ክሬሟን ደረደረች። ትልቁ የልብስ ማጠፊያ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ "ቁጭ በዪ፣ እዚያ ለስላሳው ላይ" እንላለን። ታላቃችን ስታማርር የነበረው ስለ አቧራና ስለ ቦታ ነው። "ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት አቧራ ጠርጌ መጥቼ፣ አንቺ ደግሞ አቧራ ገዝተሽ ትጠብቂኛለሽ" ትለኛለች። እንዲህ እያለች ሁሉንም በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋቸዋለች።

ስለ ድምፁ ግን አንድም ቀን አማርራ አታውቅም። ይህን ልብ ያልኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

አንድ ጁማ እኩለ ቀን ላይ ሁላችንም ቤት ነበርን። ታላቃችን ጀርባዋን ሰጥታን ባሚያ እየከተፈች ነው። እኔ ጊታሩን አንጠልጥዬ ወደ ትልቁ አምፕሊፋየር በጣም ተጠጋሁ። ድምፁ በራሱ ላይ ሲመለስ የሚፈጠር ጩኸት አለ፤ ጆሮ ይበሳል። እሱን ለቀቀው። የካፌዋ ልጅ ጆሮዋን ይዛ ጮኸች፣ ጥፍር የምትሠራዋ ትራስ ውስጥ ገባች፣ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። ታላቃችን ባሚያዋን ትከትፋለች። አልዞረችም። ትከሻዋ እንኳን ንቅንቅ አላለም።

አጠፋሁት። ሦስታችንም ተያየን። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩና ፊቴን ስታይ ቢላውን አስቀመጠች።

"ምን ሆነሻል?" አለችኝ።

"እትዬ፣ አልሰማሽም?"

ከንፈሬን ነበር የምታየው። ሁልጊዜ ፊቴን የምታይ ይመስለኝ ነበር።

"ለማንም እንዳትናገሪ" አለችኝ። "አንዷ ማዳም ካወቀች ሁሉም ያውቃሉ። ጠርታኝ የማልመጣ ሠራተኛ ማን ይፈልጋል?"

ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ቀስ በቀስ ነው የሄደው፤ መጀመሪያ የወፍ ድምፅ፣ ከዚያ የበር ደወል፣ ከዚያ የሰው ንግግር። በሰው ቤት የጥላ እንቅስቃሴ እያየች ትሠራ ነበር። ስልኳን ደረቷ ውስጥ ትይዛለች፣ ሲንቀጠቀጥ እንዲሰማት። ዋናው ነገር ግን እሱ አልነበረም። ስልኳን አውጥታ አሳየችን። ልጇ የላከችላት የድምፅ መልእክቶች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ልጅቷ መጻፍ ትሰለቻለች፣ መናገር ነው የምትወደው። እናትየው ሁሉንም ከፍታቸዋለች፤ አንዱንም አልሰማችውም። "ጥሩ ነው የኔ እመቤት" እያለች መልስ ትጽፋለች። "አንድ ቀን 'ታምሜያለሁ' ብላኝ ይሆናል፤ እኔ 'ጥሩ ነው' ብያት ይሆናል" አለችን።

"እኛ ለምን አልነገርሽንም? ሰምተን እንነግርሽ ነበርኮ" አለቻት የካፌዋ ልጅ።

"የልጄን ድምፅ በእናንተ አፍ?" አለች። ቁጣ አልነበረበትም፤ መልስ ነበር።

ወዲያው ታክሲ ይዤ አርዲያ ሄድኩ። አባባ ሱቃቸውን ሊዘጉ ቁልፍ ይዘው ነበር። ስነግራቸው መልሰው ከፈቱና ስልክና አምፕሊፋየር የሚያገናኝ ገመድ በጥሰው፣ በይደው ሰጡኝ። "ሹወይ ሹወይ፣ ቀስ እያልሽ ክፈቺ" አሉኝ፣ በጣታቸው የቁልፉን መዞር እያሳዩ። "ደግሞ ሁሉንም ሞክሪ። የሚሰማት የትኛው እንደሆነ አንቺ አታውቂም፤ ጆሮዋ ነው የሚያውቀው።"

ስመለስ ፀሐዩ ግድግዳው ላይ ነበር። በትልቁ ጀመርን፣ እሱ ንጉሣችን ስለነበረ። ታላቃችን ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን ስፒከሩን በሸፈነው ጨርቅ ላይ አስጠጋች። የልጅቷ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ጓደኛዋ ጫማ ስለመግዛቷ ነበር የምታወራው። ታላቃችን ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችና ራሷን ነቀነቀች።

"ይንቀጠቀጣል፤ ሰው መሆኑ ይገባኛል። ቃሉ ግን የለም።"

ለስላሳውና መያዣው የተበጠሰው ላይ ሞከርን። የለም። ጉንፋናሙ ላይ ሞከርን፤ እሷም እኛም ሳቅን፣ ልጅቷ የሰከረች መስላ ነበር። አምስተኛው ላይ "ጫማ" የምትለዋን ብቻ ያዘች። ተስፋዬ እያለቀ ነበር። ትንሿን፣ ሹሏን፣ አስቀያሚዋን ከቴሌቪዥኑ ሥር ያወጣናት ሌላ ስላልቀረን ነው። ቀጣዩን መልእክት ከፈትንባት፤ ለእኛ መርፌ የመሰለ ድምፅ ነበር።

ታላቃችን እጇን አነሳች። ቁልፉን ባለበት ያዝኩት።

"እማ" አለች ሳጥኗ፣ "መጽሐፉ ደረሰኝ። አንደኛ አልወጣሁም፤ ሦስተኛ ነው የወጣሁት፣ እንዳትቆጪኝ።"

"ሦስተኛ" አለች ታላቃችን። "ሦስተኛ ወጥታለች።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጁማ ከሰዓት የእሷ ሆነ። ከመጀመሪያው መልእክት ጀምሮ በተራ አዳመጠቻቸው፤ ሁለት ዓመት ከምናምን ወሬ። ልጅቷ በመልእክቶቹ ውስጥ ድምፅዋ እየወፈረ አደገ። እኛ ባዛር እንሄዳለን ብለን እንወጣ ነበር፣ ብቻዋን እንድትሰማ፤ ግን ከታች መንገድ ላይ ሆነን ድምፁ ይሰማን ነበር። ሕንፃው ሁሉ የልጅቷን ሕይወት አወቀ። ሃሪሱ በደረጃ ላይ አግኝቶኝ "ያቺ ልጅ ሒሳቡን አለፈች?" ብሎ ጠይቆኛል፤ አማርኛ አይችልም፤ በድምፅዋ እየገመተ፣ የቀረውን እኛን እየጠየቀ ነበር የሚከታተላት።

ድፍረት የሰጣት ይኸው ይመስለኛል። አንድ ቀን ከሁሉ ረጅም ጊዜ ለሠራችላት ለአሮጊቷ ማዳም ራሷ ነገረቻት። በዚያ ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ደንበኛ ፀጉር እያጠብኩ ልቤ እዚያ ነበር። ከሰዓት ታላቃችን እየሳቀች ቤት መጣች።

"ታውቅ ነበርኮ" አለችን። "'ካወቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው' አለችኝ። 'መጥራት ትቼ እስከ ወጥ ቤት እየመጣሁ ያነጋገርኩሽ ለምን ይመስልሻል? እኔ እኮ ጉልበቴን ያመኛል።'"

ክሊኒክ የወሰደቻት ማዳሟ ናት። ሐኪሙ ለሁለቱም ጆሮ የመስሚያ መሣሪያ ያስፈልጋታል አለ። ማዳም የአንዱን ዋጋ ቻለች። ለሌላው እኔ ትልቁንና ሌሎች ሁለት አምፕሊፋየሮችን ለአባባ መለስኩላቸው፤ ገዢ አግኝተው ሸጡልኝ። ትልቁን ስናወርደው ሊፍቱ ተሠርቶ ነበር፣ ግን በደረጃ ነው ያወረድነው። ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም። አዝኛለሁ ብልሽ እውነት ነው፤ ሁለት ቀን ምግብ አልጣመኝም። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ታላቃችን መሣሪያዎቿን አድርጋ መጣችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"በይ ተጫወቺ" አለችኝ። "ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠሪ እንደነበር ልስማ።"

ያኔ አንድ ሙሉ ዜማ እችል ነበር። ተጫወትኩላት። በጥሞና ሰማችኝ፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ "እኔ ደግሞ የምትችዪ ይመስለኝ ነበር" አለችኝና ሁላችንም እስክናለቅስ ሳቅን።

ሁለት ዓመት እንደዚያ ኖርን። ከዚያ ልጅቷ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ታላቃችን "በቃኝ፣ አሁን እዚያው አጠገቧ ሆኜ ልስማት" አለች። ከቀሩት ሦስት ሳጥኖች አንዱን በካርጎ ውሰጂ ብላት እምቢ አለች። ሻንጣዋን አብረን አሰርን።

የሄደችው በጠዋት ነው። አውሮፕላን ማረፊያው በሴቶችና በታሰሩ ካርቶኖች ተሞልቶ ነበር። ሰልፉ ጋ ስንደርስ ሦስታችንም አንገታችንን ደፍተን ቆምን፤ የማንኛችን ዕንባ መጀመሪያ እንደሚመጣ እየተጠባበቅን። ታላቃችን አየችን። ከግራ ጆሮዋም ከቀኝ ጆሮዋም መሣሪያዎቿን አወጣች፣ በመሐረብ ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

"በሉ አሁን እንደፈለጋችሁ አልቅሱ" አለችን።

አለቀስን። ጥፍር የምትሠራዋ ልጅ እንኳን። እሷ አንድ በአንድ እያቀፈች ጀርባችንን መታ መታ አደረገች። ተራዬ ሲደርስ ለመናገር ሞከርኩ፤ ድምፅ አልወጣልኝም። "ትናፍቂኛለሽ" የሚለው ከንፈሬ ላይ ብቻ ቀረ።

እሷ ግን ከንፈሬን እያየች ነበር። የራሷን ድምፅ መጠን ስለማታውቀው ሰልፉ ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብላ "እኔም" አለችኝ።