እህትማማቾቹን ዛሬ ለያየናቸው

ዛሬ ደባርቅ መናኸሪያ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጄን ነከሰችኝ። ታናሽ እህቷን ሚኒባስ ውስጥ ሳስገባ ነው። እውነቷን ነው።

እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሁለቱም ጎረቤት ቤት ነበሩ። የእኔ ሥራ ለእንዲህ ያሉ ልጆች አሳዳጊ ቤተሰብ መፈለግ ነው። ዳባት ያገኘኋቸው ባልና ሚስት ግን «አቅማችን ለትንሿ ብቻ ነው» አሉ።

አለቃዬን «አብረው ይሁኑ» ብዬ ለመንኳቸው። «አንዷ እንኳ ቤት ካገኘች ተመስገን በይ» አሉኝ። የርክክቡ ወረቀት ላይ ፈረምኩ።

(ሥልጠና ላይ «እህትና ወንድም አይለያዩ» እያልኩ የማስተምረው እኔው ነኝ።)

ሚኒባሱ ባልና ሚስቱንና ትንሿን ይዞ ሲነሳ ትልቋ «እሷ እኮ ያለ እኔ አትበላም፤ ማን ያጎርሳታል?» አለችኝ።

ከእህት ከወንድማችሁ ተለይታችሁ ያደጋችሁ፣ ያን ቀን ምን ብትባሉ ይሻላችሁ ነበር? ጻፉልኝ። ነገ ጠዋት ጎረቤት ቤት የቀረችው ትልቋ ጋ እሄዳለሁ።