ለአስናቀው የሚገባው ቅቤ

ደመቀ ዘውገ ዋሽቷል፤ ውሸታም ግን አልነበረም። ይህን የምጽፈው ያን ልዩነት ለመጠበቅ እንጂ ሰውየውን ነጻ ለማውጣት አይደለም።

በመርካቶ፣ ከእህል በረንዳ አጠገብ፣ የተቀደደ የቡና ጆንያ እየጠገነ ይሸጥ ነበር። ከዚያ በፊት የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆኖ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቷል።

እዚያ ያየው ጦርነት አባቶቻችን የነገሩንን አይመስልም። ወታደሩ ቀን አንገቱን ከምሽጉ አያወጣም። ጠላት የሚታወቀው በመድፉ ድምፅ እንጂ በፊቱ አይደለም። ውኃ በኮዳ ውስጥ በረዶ ይሆናል፤ ርጥብ ካልሲ የሚደርቀው ከሸሚዝ ሥር፣ በሆድ ላይ ነው፤ አይጥ የተኛን ሰው ጫማ ይበላል። መድፍ ሲያርፍ የአሸዋው ጆንያ ይቀደዳል፤ ምሽጉም ይናዳል። የደመቀ ሥራ የተቀደደውን መስፋትና መሙላት ነበር። በወጉ ሠራው፤ ከካበው ጆንያ ጀርባ ብዙ ሰው ተርፏል። አገሩ ሲመለስ ግን ይህን የሚያነሣበት ፉከራ አጣ። ለጆንያ ማን ይፎክራል?

በጥር ወር ጎረቤታችን ልጁን ሲድር፣ አዛውንቱ አርበኛ ጋሽ ሀብተ ወልድ በዳሱ መካከል ፎክረው እንደ ጨረሱ ወደ ደመቀ ዞሩ።

«አንተስ፣ የኮሪያው? ወይስ እዚያም ጆንያ ስትሰፋ ከርመህ መጣህ?»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ፌዙ እውነት በመሆኑ ደመቀ ሊችለው አልቻለም። ብድግ ብሎ «ዘራፍ!» አለ። አንድ የቅኝት ጓድ በጠላት ሲከበብ ብቻውን ወደ ኋላ ቀርቶ በመትረየስ እንደ መከተ፣ ቁስለኞቹ እስኪወጡም ከቦታው እንዳልተነቃነቀ ፎከረ። ድርጊቱ እውነት ነው። የፈጸመው ግን ጓደኛው አስናቀው ነበር፤ አስናቀውም እዚያው ቀርቷል።

ሴቶቹ እልል አሉ። ከመካከላቸው የአስናቀው እህት፣ ቅቤ ነጋዴዋ ቦሰና ነበረች። ወንድሟ በቅኝት ላይ መሞቱን እንጂ እንዴት እንደ ሞተ የነገራት ሰው አልነበረም። ለሰርጉ ካመጣችው ቅቤ በእጇ ሙሉ ዛቀችና፣ ለጀግና እንደሚደረገው፣ የደመቀን ራስ ቀባችው።

«ያን ሁሉ ሰው ያወጣኸው አንተ ነህ ለካ! ወንድሜስ ያን ጊዜ ምን ሲሠራ ሞተ?»

«ከ... ከቁስለኞቹ ጋር ነበረ» አለ።

ቅቤው በዳሱ ሙቀት ቀልጦ እስከ ኮሌታው ወረደ። አልጠረገውም።

በማግሥቱ ራሱን ተላጨ። ቅቤው በሳሙና አልለቅ ብሎኝ ነው ብሎ ለሚስቱ ነገራት። በአገራችን ግን ራሱን የተላጨ ሰው ሐዘንተኛ ነው። ገበያተኛው ሁሉ «እግዜር ያጥናህ፤ ማን ሞተብህ?» ይለው ጀመር። እሱ ጆንያው ላይ አቀርቅሮ ይሰፋል።

የቅልቅሉ ዕለት እዚያው ዳስ ተሰበሰብን። ቦሰና ገና ስታየው ደረቷን ይዛ፣ «ውይ፣ በሞትሁት! ማን ሞቶብህ ነው?» አለችው።

«አስናቀው።»

«አስናቀው እኮ ከሞተ ቆየ።»

«የሰርጉ ዕለት እኔ ደግሜ ገደልሁት። ብቻውን የቀረው እሱ ነው። እኔ ከምሽጉ አልወጣሁም፤ ጆንያ እሞላ ነበር።»

ቦሰና ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። «የፎከርኸው ለእኔ ብቻ አይደለም» አለች። «ተነሥ።»

ተነሣ። ዘራፍ ሳይል፣ ክንዱን ሳያነሣ፣ የተላጨ ራሱን ደፍቶ፣ ያንኑ ታሪክ በአስናቀው ስም ተናገረ። ጋሽ ሀብተ ወልድ የከዘራቸውን ጫፍ ይመለከቱ ነበር።

ሲጨርስ ቦሰና እልል አለች። እንደ ወጉ ሴቶቹ ሊቀበሏት ይገባ ነበር። ባለፈው ለደመቀ እልል ያለው አፍ ሁሉ ግን ከሐፍረት የተነሣ ተያዘ። ብቻዋን እስከ መጨረሻው ዘለቀችው።