ሻምበሏን ማዘል

ጓደኛዬ አስር አለቃው ሲያገባ አንደኛ ሚዜው እኔ ነበርኩ። ሙሽራዋ የሁለታችንም አዛዥ፣ ሻምበላችን ናት። ጋዝጊብላ፣ ወላጆቿ ቤት ደረስን። በአገሩ ወግ ሙሽራዋን አዝሎ በቅሎ ላይ ማስቀመጥ የሚዜ ሥራ ነው። ከሙሽራው ጋር ገባሁ። ቬሎ ብትለብስ ምን ነበረበት! ሙሉ የክብር ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። እጄ ሳላስበው ለሰላምታ ግንባሬ ላይ ወጣ። ካልመለሰችልኝ አላወርደው፤ ሙሽራ ደግሞ ቀና አትልም።

"ምነው፣ ልጃችንን ናቅሃት?" አሉ አባቷ።

"ኧረ አባቴ፣ አይቆጡ! ፈቃድ እየጠበቅሁ ነው።"

ሴቶቹ ዘፈኑን አቆሙ። ክንዴ ሲዝል ሻምበሏ እንዳቀረቀረች፣ "እዘለኝ፤ ትዕዛዝ ነው!" አለች በሹክሹክታ።

እፎይ ብዬ ሙሽራው ያግዘኝ እንደሆነ ዞር አልኩ። የእሱም እጅ ግንባሩ ላይ እንደተተከለ ነው።