ጥዱ የሚወድቅበት መስመር

አባቴን የሥራ ጓደኞቹ «ቀስበል» ይሉታል። ዛፍ ሲጥሉ የኖሩ ሰዎች ወይ ጣት ወይ ትዕግስት ይጎድላቸዋል፤ እሱ በሁለቱም ሙሉ ነው። የሞተር መጋዙን ከማስነሳቱ በፊት ጥዱ የሚወድቅበትን መስመር ጫፍ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ ቁጥቋጦውን በዱላ ገላልጦ ይመለሳል። ስነጫነጭ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይለኛል። ረዳቱ ነኝ፤ ትዕግስቱን ግን አልወረስኩም።

ቤት ደግሞ ሌላ ክስ አለበት። እናቴ ጠርታ ጠርታ ሲደክማት፣ «ይኸው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ! ምሳ ሲሸተው ግን ማንም አይቀድመው» ትላለች። እንስቃለን።

የዚያን ቀን ጥዱን እያሳሳን ነበር። ጥድ ጥቅጥቅ ብሎ ሲያድግ ፀሐይ መሬት አይነካም፤ ሣር ይጠፋል፣ በደኑ የሚኖሩት አጋዘኖችም የሚበሉት ያጣሉ። ሁሉን ብንቆርጠው ደግሞ ከብርድ የሚጠለሉበት አይኖራቸውም። ስለዚህ በነፋስ በኩል ያለውን ጥቅጥቁን ትተን፣ ከፊቱ ያለውን እየመረጥን እንጥላለን።

አባቴ መስመሩን ሄዶ ተመለሰ፤ ምንም አላየም። ግንዱን ከግማሽ በላይ ሲቆርጥ፣ አንዲት አጋዘን ከጥቅጥቁ ጥድ ዳር ቆማ አየሁ። አጋዘን በመጋዝ ጩኸት ይሸሻል እንጂ አይቆምም። እሷ ግን መሬቱን በኮቴዋ እየመታች አንድ ቦታ ላይ አፍጥጣለች። የምታይበትን አየሁ። ግልገሏ መስመሩ ላይ፣ ደረቅ ቅጠል ውስጥ ልጥፍ ብላለች። የአጋዘን ግልገል ሲፈራ አይሮጥም። ዱላው ስቷታል።

ትከሻውን መትቼ አሳየሁት። መጋዙን አጠፋ፤ የጆሮ መከላከያውን አወለቀ። ጥዱ የቆመው ባልተቆረጠች ስስ እንጨት ላይ ነው።

«አባዬ፣ እንዳትገባ!»

ገባ። ያውም ቀስ እያለ! ነፋስ መጣ፤ ግንዱ ቋ አለ።

«አባዬ ውጣ! እየወደቀ ነው!»

ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ዞር እንኳ ሳይል ጎንበስ ብሎ ግልገሏን አቀፈ። ግንዱ ደግሞ ቋ አለ። እኔ በድንጋጤ ዘለልኩ፤ እሱ ንቅንቅ አላለም። ያኔ ገባኝ። አባቴ አይሰማም።

ሄልሜቴን አውልቄ በሙሉ ኃይሌ ወረወርኩ። ከፊቱ ወድቆ ነጠረ። ቀና ብሎ እኔን አየ፣ ጥዱን አየ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮለ።

አቧራው ሲረግብ ከቅርንጫፎቹ ጥቂት ራቅ ብሎ በጎኑ ወድቋል። ግልገሏ ከክንዱ አምልጣ ወደ እናቷ ትሮጣለች።

ፊት ለፊቱ ተንበረከክሁ። ከንፈሬን እንዲያይ ቀስ ብዬ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

ዐይኑን ከዐይኔ አሸሸ። «ለአለቃው እንዳትነግሪ። ግንድ ሲሰነጠቅ የማይሰማን ሰው መጋዝ አያሲዙትም።»

«እኔም አላሲዝህም!» ተናድጄ ነበር፤ አለቀስኩም። «ከነገ ጀምሮ መጋዙን የምይዘው እኔ ነኝ። መስመሩን የምትሄደው አንተ። ሳትመለስ አላስነሳም።»

መጋዙን አንስቶ ሰጠኝ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ከኩሽና ተጣራች፤ አልዞረም። «ይኸው ጆሮ ዳባ...» ስትል ትከሻውን ነካሁት። ወደ እሷ ሄደና፣ «ምን አልሽኝ?» አላት። እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ሰምተነው አናውቅም። እናቴ ማማሰያውን አስቀመጠች፤ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ደገመችለት።