ስንዴ የሌለበት ጉርሻ

የልጅ ልጄ ስንዴ አትበላም። ገብስም አትበላም። ይህን ስናገር አንዳንዱ ሰው የልጅ መሞላቀቅ ይመስለውና «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች?» ይለኛል። ምን እንደምትሆን ያየሁት እኔ ነኝ። ሆዷ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ያስመልሳታል፣ ሳምንት ሙሉ ፊቷ አመድ ይመስላል። ዕድሜዋ ሲጨምር ቁመቷ አልጨምር ብሎ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ስንመላለስ ከረምን። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ደረሰበት። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚሉት ነገር አለ፤ እሱ ነው አንጀቷን የሚያቆስለው። መድኃኒቱ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው «አለመብላት» አለኝ። ፍርፋሪውም ቢሆን አይሆንም አለ።

እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አባቷ የእኔ ልጅ ነው፤ ባሕር ላይ በሚዞር ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ውስጥ አስተናጋጅ ነው። አንዴ ከሄደ ቶሎ አይመለስም። ልጅቱ አባቷን የምታውቀው በአካል ሳይሆን በስልክ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ቤታችን ሐረር፣ ሸዋ በር አጠገብ ነው። ከደጃችን እንደወጣን ሳምቡሳው ይጠበሳል፣ ፈቲራው ይገለበጣል፣ ዳቦው በጆንያ ይወርዳል። እሷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ታልፋለች። ደግነቱ እህል አላጣንም፤ ማሽላ እኛ አገር ሞልቷል፣ ጤፍም አለ። ከጊደር መጋላ ገበያ ገዝቼ ራሴ ለቅሜ አስፈጫለሁ። ችግሩ ወፍጮው ነው። ከእኔ በፊት ስንዴ የፈጨ እንደሆነ ቅሪቱ ከእኔ ዱቄት ጋር ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት ወፍጮው ተጠርጎ የመጀመሪያዋ እኔ እንድሆን ከባለወፍጮው ጋር ተጣልቼ፣ ታርቄ፣ እንደገና ተጣልቼ፣ በመጨረሻ ተስማምተናል። አሁን ሲያየኝ «ዳኛዋ መጡ» ይላል። ይበል።

አንድ ነገር ግን በጠብም በእርቅም አልሆነልኝም። እሱም ጉርሻ ነው።

ጊደር መጋላ ቅመም የምትሸጥ የሐረሪ ወዳጅ አለችኝ፤ ጀጎል ውስጥ ነው የምትኖረው። እኔ በበዓሌ እጠራታለሁ፣ እሷ በበዓሏ ትጠራኛለች። ልጅቱን ከእኔ እኩል ትወዳታለች። አንድ ጊዜ ቤቷ ሄደን፣ ለእኛ ብላ ስንዴ ያልነካው ሩዝ ሠርታ፣ ስትቀመጥ ለልጆቿ ዳቦ ቆረሰች፤ በዚያው እጇ ከሩዙ ጠቅልላ ልጅቱን አጎረሰቻት። እኔም አላስተዋልኩም። ልጅቱ ሳምንት ሙሉ ተኛች። ወዳጄ ልትጠይቃት መጥታ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ልጅቱን ስትስማት እጇን ወደ ኋላ ታደርጋለች። «ወላሂ፣ እጄን ፈራሁት» አለችኝ።

እሷ ብቻ አይደለችም። ዘመዱም ጎረቤቱም ፈራ። በበዓል ሰው አንድ መሶብ ከቦ ሲጎራረስ ለእሷ ለብቻዋ በትንሽ ትሪ ይቀርብላታል። ንጹሕ ምግብ ነው፣ ያጠግባታል። ግን አንዲት ልጅ ከሰው ተለይታ፣ ሌላው እየተጎራረሰ፣ እሷ ብቻዋን የምትበላበት ቤት ፍትሕ ያለበት ቤት አይመስለኝም። አንድ ፋሲካ ላይ ሰዉ ከሄደ በኋላ «እማማ፣ ከአንቺ ሌላ ማንም አያጎርሰኝም እኮ» አለችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እንዲህ እያለን ልጄ ደወለ። መርከቡ ለሠራተኛ ቤተሰብ ቦታ ይሰጣል፤ ተራው ደርሶኛልና ኑ አለ። ልጅቱ ዘለለች። እኔ መጀመሪያ የጠየቅሁት «ምን ትበላለች?» ብዬ ነው።

«ወጥ ቤቱ ያውቃል እማዬ። አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ» አለ።

«ወፍጮ ቤቱም ያውቃል። እኔ ካልቆምኩበት ግን ስንዴ ይቀላቅላል።»

አላመንኩትም። ከንጹሕ ጤፍ የተጋገረ እንጀራ በፀሐይ አድርቄ ድርቆሽ አደረግሁ፤ አንድ ሻንጣ ሞላ። ከበርበሬው፣ ከሽሮው ጨመርኩ። ልብሴን በትከሻዬ በሚንጠለጠል ቦርሳ ይዤ፣ ሻንጣውን ለምግብ ለቀቅሁ። ከድሬዳዋ በአውሮፕላን ተነስተን፣ አዲስ አበባ ቀይረን፣ ዐረብ አገር ያለ ወደብ ደረስን።

መርከቡ ሕንፃ ነው። ውሃ ላይ የቆመ ፎቅ ነው። መግቢያው ላይ ሻንጣችንን በማሽን አሳልፈው ከፈቱት። አንድ ወጣት ጥበቃ ድርቆሹን አንስቶ ወደ ብርሃን አቅርቦ አየው፤ አሸተተው፤ ለጓደኛው አሳየው። ልጄ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ እየሮጠ መጣ። ልጁን ገና አቅፎ ሳይጨርስ ሊያስታርቀን ገባ።

«እማዬ፣ ከውጭ የበሰለ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው። አሽገው ያስቀምጡታል፣ ስንወርድ ይመልሱልናል።»

«የሁሉም ሰው ነው የሚታሸገው ወይስ የእኔ ብቻ?»

«የሁሉም።»

«ቆሜ አያለሁ።»

«አቦ እማዬ፣ ሰልፉን አቆምሽው እኮ።»

ከኋላዬ ያለች ሴት ሻንጣ እስኪከፈት ድረስ ቆሜ አየሁ። የእሷንም አይብ ወሰዱባት። ያን ጊዜ ነው ያለፍኩት። ግን ልቤ ደህና አልነበረም። ልጅቱን በማላውቀው ወጥ ቤት እጅ ላይ ጥዬ ውሃ መሃል ገባሁ። ብትታመም የት አደርሳታለሁ?

የመጀመሪያው ምሳ ላይ አንዲት አጠር ያለች ፊሊፒናዊት ወደ ጠረጴዛችን መጣች። የአዳራሹ አለቃ ናት። ልጄ ትሪውን ተሸክሞ እንደቆመ አስተረጎመልን። ሴትዮዋ ወደ እኔ አልዞረችም፤ ጎንበስ ብላ ልጅቱን ራሷን ጠየቀቻት። ምን ትወጃለሽ፣ ምን ያምሻል አለቻት። የእሷ ምግብ በተለየ ምጣድ፣ በተለየ ቢላ እንደሚሠራ፣ ቡፌው ጋ እንዳትሄድ፣ እዚያ አንዱ የሌላውን ማንኪያ ስለሚነክር እንደማይታመን ነገረቻት። የነገውን ምግብ ዛሬ ትመርጣለች። ቀጥሎ በክዳን የተሸፈነ ሳህን መጣ፤ ከጎኑ ከሩዝ ዱቄት የተጋገረ ትኩስ ዳቦ ነበር።

ልጅቱ ዳቦውን አልነካችውም። አተኩራ አየችው። ሰው ሁሉ ዳቦ ይበላል፣ ከእሷም ፊት ዳቦ አለ። እኔ ቀድሜ ቆረስኩና ቀመስኩት።

«እማማ፣ አንቺ ብትቀምሺው ምን ይታወቃል? አንቺን ስንዴ አያምሽም።»

እውነቷን ነው። አኘክሁት ግን አላቆምኩም። «ጣዕሙን ነው የማየው» አልኳት።

ልጄ ዘወር ብሎ ሳቀ። ሥራ ላይ ስለሆነ ጮክ ብሎ መሳቅ አይችልም።

አንድ ቀን አለፈ፣ ሌላውም አለፈ፣ ልጅቱ ደህና ናት። ሆዷን በየሰዓቱ እዳስሳለሁ፤ ለስላሳ ነው። እኔ ሥጋውን ማን ባርኮ እንዳረደው ስለማላውቅ ዓሣና አትክልት እበላለሁ። ቀስ በቀስ ትከሻዬ ወረደ። ያን ያህል ዘመን ተሸክሜው የነበረውን ነገር ሌላ ሰው ለጥቂት ቀን የያዘልኝ ያህል ቀለለኝ። ለካስ ደክሞኝ ነበር።

ልጅቱ ግን ዓይኗ አባቷ ላይ ነው። እሱ ሳህን ተሸክሞ በአጠገባችን ያልፋል፣ ይጠቅሳታል፣ መቀመጥ ግን አይችልም። ለሌላ ሰው ልጅ ጎንበስ ብሎ ሥጋ ሲቆርጥ ታየዋለች። «የእኔ ቀን መቼ ነው?» ትለኛለች። የዕረፍቱ ቀን ከእኛ ጋር በእንግድነት ምሳ እንዲበላ ፈቀዱለት።

ያን ቀን ልጅቱ ፀጉሯን ሁለት ጊዜ አስፈትታ አሠራችኝ። እሱ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ለራሱ ከቡፌው ዳቦና ዓሣ አንስቶ ተቀመጠ። የእሷ ሳህን በክዳኑ ከወጥ ቤት መጣ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የምግብ ጸሎቴን ጀመርኩ። ጸሎቴ ረዘም ይላል፤ ጌታ ይመስገን፣ ያን ቀን አሳጠርኩት። ዓይኔን ስከፍት ልጄ ከዳቦው ቆርሶ፣ ዓሣውን በዳቦው ጠቅልሎ፣ እጁን ዘርግቷል። «በሞቴ» ይላታል። እጁ አፏ ዘንድ ደርሷል።

እሷም አፏን ከፍታለች።

ዳቦውን አይታዋለች። የስንዴ ዳቦ መሆኑን ታውቃለች። እሷ እኮ ከሩቅ በጠረኑ የምትለይ ልጅ ናት። እያወቀች ነው የከፈተችው።

የእጁን አንጓ ያዝኩት። ጉርሻው ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። አጠገባችን ያሉ ሰዎች ዞሩ።

ልጄ እጁን አየው። «በየቀኑ እኮ ነው» አለ። «በየቀኑ ለእንግዳው የምጠነቀቀው እኔ ነኝ። የማንንም ሳህን ከማንም ጋር አላገናኝም።»

«ለእንግዳ ስታቀርብ ምግብ ነው፣ ትጠነቀቃለህ። ይኼ ምግብ አልመሰለህም።»

እንዲያ ነው። ጉርሻን ከእኛ መሃል ምግብ ነው ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ወዳጄም እኮ በጀጎል ቤቷ ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ግን ተቆጥታለች። «ለምን ያዝሽው? ብታመም የምታመመው እኔ ነኝ።»

«የምታመሚው አንቺ ነሽ፣ ስትታመሚ የማይሽ እኔ ነኝ። አባትሽ ደግሞ አጉርሶ ያሳመመሽን እጁን ይዞ ባሕር ላይ ሊከርም ነው። ይኼ ለማን ፍርድ ይሆናል?»

የአዳራሹ አለቃ ፈጥና መጣች፤ ወጥ ቤቱ የተሳሳተ መስሏት ፊቷ ተለዋውጧል። «ንገራት፣ ወጥ ቤቱ አላጠፋም» አልኩት ልጄን፣ «በሌላ ሰው እንዳይፈረድ»። ነገራት። ጉርሻ ምን እንደሆነ ሲያስረዳት በባዶ እጁ አሳያት። ሴትዮዋ እጁን አየች፣ ልጅቱን አየች፣ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?»

«ታዲያ ለምን ሁላችሁም የእሷን ምግብ አትበሉም አለች።»

ያን ሁሉ በዓል ለልጅቱ ትሪ ስለይ፣ ትሪው እንዳይነካካ ስጠብቅ፣ መሶቡን የእሷ ማድረግ ለእኔ አልታየኝም። ለአንድ ልጅ ብሎ ሰው ሁሉ ስንዴውን ይተው ማለት ከባድ መስሎኝ ነበር። ከባዱስ እሷን መለየቱ ነበር።

«ሂድና ታጠብ» አልኩት ልጄን። «እስከ ክርንህ።»

ጠረጴዛው ተጠረገ፤ ጨርቁ ተቀየረ፤ የእሱም የእኔም ሳህን ተነሳ። «በአንድ ትልቅ ሳህን ይሁን» ብዬ አስነገርኩ። ትልቅ ሳህን መጣ፤ ሩዝ፣ ዓሣ፣ የሩዝ ዳቦ፣ ሁሉም ለልጅቱ በተለየው ምጣድ የተሠራ። ሦስታችን ከበብነው። በእጃችን ነው የበላነው፤ ሰው ቢያይም አየ።

ልጄ የታጠበ እጁን ለእኔ አሳየኝ፤ ፊትና ጀርባውን። በአገጬ ፈቀድኩለት። ጠቅልሎ ዘረጋላት። እሷ ወዲያው አልጎረሰችም፤ መጀመሪያ እኔን አየች። «ብዪ» አልኳት። ጎረሰች። ጉንጯ ተነፋፍቶ ሳታኝክ ሳቀች። ሁለተኛውንም ጨመረላት። ቀጥሎ እሷ ለእሱ የጠቀለለችውን የሚያክል ጉርሻ እኔ አይቼ አላውቅም።

«ጣቴን ነከስከኝ» አለችው።

«ጉርሻና ጣት መለየት አቃተኝ፣ ርቦኝ ነበር» አላት።

ያን ቀን ማታ ሆዷን ዳሰስኩት። ለስላሳ ነው። በማግስቱም ለስላሳ ነው። እግዚአብሔርን አመስግኜ እንቅልፌን ተኛሁ።

ስንወርድ ድርቆሹን እንደታሸገ መለሱልኝ። አንድም አልጎደለም፤ ፈትቼ አይቻለሁ። ሐረር ድረስ ይዤው ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ በመጣው በዓል በቤቴ ስንዴ አልገባም። ዳቦ አልደፋሁም፣ የገብስ ጠላ አልጠመቅሁም፤ ማር ነበረኝ፣ ጠጅ ጣልኩ። ለልጅቱ የተለየ ትሪ አልቀረበም። የጎረቤት ሴቶች «ዳቦ የሌለው በዓል?» ብለው ትንሽ አጉረመረሙ። «ዳቦ የናፈቀው ቤቱ ሄዶ ይብላ፣ ከዚህ የሚበላ ግን እጁን ታጥቦ ከመሶቡ ይብላ» አልኩ። አንዷ «እማማ፣ እርስዎ ካሉ ምን እንላለን» ብላ ተነስታ ታጠበች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ወዳጄ ከጊደር መጋላ መጣች። ለእሷ እንደ ሁልጊዜው ሽሮውንና አትክልቱን ለይቼ ነበር። በር ላይ የያዘችውን የስንዴ ፈቲራ ጥቅል ለሌላ ሰው ሰጥታ ገባች፣ እጇን በሳሙና ታጠበች። ተቀምጣም እጇ ጭኗ ላይ ቀረ። ልጅቱ ቀስ ብላ ተጠግታት ተቀመጠችና አፏን ከፈተች።

«ያ አላህ፣ ይቺ ልጅ» አለች ወዳጄ። ወደ እኔ ዞረች። «ደግሜ ልታጠብ?»

«ይበቃሻል» አልኳት። «ልጅቱ አፏን ከፍታ እስከ መቼ ትጠብቅ?»

ከማሽላው እንጀራ ቆርሳ፣ ሽሮ አስነክታ አጎረሰቻት። ቀጥሎ ያለችው ሴት ደግሞ የራሷን ጉርሻ ይዛ ትጠብቅ ነበር፤ ከእሷም ቀጥሎ ሌላዋ። ልጅቱ እያኘከች እጇን እያወዛወዘች «ቆይ፣ ቆይ» ትላለች። ያን ያህል ዘመን የቀረባትን በአንድ ቀን ሊከፍሏት የተነሱ ይመስል ነበር። አላስቆምኳቸውም።